ነፋሱ ሲቆም

አልታየሽ ነፋስ ሲነፍስ ትፈራለች፤ ሲቆም ደግሞ የባሰ ትፈራለች። ሰው ሁሉ «ተመስገን፣ አለፈ» ብሎ መስኮቱን ሲከፍት የእሷ ልብ ገና መደለቅ ይጀምራል። ለንደን፣ ሆሎዌይ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለው የመንግሥት ኪራይ ቤታቸው ያስጠጓት እትዬ እህተማርያም ምስጢሩን ስለማያውቁ «ይህቺ ልጅ ደግሞ ፀሐይ ሲወጣ ነው የሚያማት» እያሉ ይቀልዱባታል።

ምስጢሩን የሚያውቀው ጊዲዮን ብቻ ነው።

የተዋወቁት ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር፣ ሳንድዊች ከሚታሸግበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። እሷ ቲማቲም ትደረድራለች፤ እሱ የታሸገውን መኪና ላይ ይጭናል። አንድ ነፋሻ ቀን የመጫኛው በር የብረት መዝጊያ ሲንቀጠቀጥ አልታየሽ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ቁጢጥ አለች። ሱፐርቫይዘሩ ተቆጣ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ጊዲዮን ግን የያዘውን ሳጥን አስቀምጦ መጣና ያንን መለሎ ቁመቱን አጣጥፎ አጠገቧ ገባ። ምን ሆንሽ ብሎ አልጠየቃትም። መዝጊያው እስኪያርፍ ድረስ አብሯት ተቀመጠ።

«እዚህ ታች ደግሞ ይሞቃል» አለ በመጨረሻ።

ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ ራሷም አታውቅም።

ከወራት በኋላ ፊንስበሪ ፓርክ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነገረችው። ከሰባት ዓመት በፊት ኦማን፣ ሳላላ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። በግንቦት ወር አንድ ቀን አውሎ ነፋስ ከባሕሩ ተነሥቶ መጣ። አሠሪዎቿ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ከፍታው ሲሸሹ እሷን ቤት ጠብቂ ብለው ትተዋት ሄዱ። ጎረቤት የምትሠራውን የአገሯን ልጅ ማሚቱንም አሠሪዎቿ እንደዚሁ ትተዋት ነበር። ማሚቱ ከመንገዱ ወዲያ፣ አልታየሽ ከመንገዱ ወዲህ፣ ለየብቻቸው።

ነፋሱ እንደ ሰው ይጮህ ነበር። የጎረቤቱን የውኃ ታንከር ከጣሪያው ላይ ሲያነሣው፣ ዘንባባውን ከነሥሩ ሲነቅለው በመስኮቱ አየች። ውኃው ወደ ደረጃው መውጣት ጀመረ። ከዳዊት በቃሏ የያዘችው አንድ መስመር ብቻ ስለነበር እሱኑ ስትደጋግም ዋለች።

ከዚያ በአንዴ ጸጥ አለ። ሰማዩም ተከፈተ። የአውሎ ነፋስ መሐሉ ባዶ መሆኑን፣ መሐሉ ሲያልፍ ነፋሱ ፊቱን አዙሮ እንደሚመለስ ማንም አልነገራትም። ሮጣ ጣሪያ ላይ ወጣችና ተጣራች፤ «ማሚቱ፣ አለፈ እኮ፤ ወደዚህ ነይ፣ የእኛ ቤት ፎቅ አለው» አለቻት። ማሚቱ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ ወዲያው ከበሩ ብቅ አለች። ውኃው ጉልበቷ ድረስ ነበር። መንገዱን አጋምሳ ወደ ላይ ቀና አለችና ፈገግ አለችላት። ያን ጊዜ ነፋሱ ተመለሰ፤ የግቢው ግንብ እንዳለ ተደረመሰባት።

ማሚቱን ያገኟት በሁለተኛው ቀን ነው። የማሚቱ እናት ከአገር ቤት በደወሉ ቁጥር አልታየሽ ስልኩን እያነሣች «ትንሽ አሟት ነው እማማ፤ ትንሽ ነው» ስትል ሦስት ሳምንት ቆየች። መርዶ በስልክ አይነገርማ። ሽማግሌዎች በማለዳ እናትየው ደጃፍ እስኪቆሙ ድረስ የዋሸችው እሷ ነበረች። በዓመቱ አሠሪዎቿ ለዕረፍት ለንደን ይዘዋት ሲመጡ ጠፍታ ቀረች።

«ነይ ያልኳት እኔ ነኝ» አለችው ጊዲዮንን።

እሱ እጇን ያዘ። ሲመሽም አልለቀቃትም።

ከማሚቱ ወዲህ አልታየሽ ሰውን ና ወይም ነይ ብላ አታውቅም። መገናኘት ሲፈልጉ ራሷ ሄዳ ታገኘዋለች፤ አለዚያም እሱ «ልምጣ?» ይላታል፣ እሷ «እንደፈለግክ» ትለዋለች። ጊዲዮን ይህን ልብ ብሎት ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ የነገራት ቀን «እሺ ባትዪኝም እጠብቃለሁ፤ ግን አንድ ቀን ና ብትዪኝ ደስ ይለኛል» አላት። የምትወደው ሰው መንገድ ላይ ሲሆን አንድ ነገር የሚደርስበት ይመስላታል፤ ልቧ እሺ እያለ አፏ የሚዘጋው በዚህ ነው።

እንግሊዞች ለነፋሳቸው ስም ያወጣሉ። በዚያ የካቲት ዓርብ የመጣው ነፋስም ስም ነበረው፤ ቀይ ማስጠንቀቂያ ወጣለት፤ ፋብሪካውም ተዘጋ። እትዬ እህተማርያም የታመመ ጠይቀው እስኪመለሱ አልታየሽ ብቻዋን ነበረች። ከረፋዱ ጀምሮ የበረንዳው ሽፋን ይደልቅ ጀመር። ጎረቤት ሕንፃ ላይ የተተከለው የብረት መወጣጫ ሲፋጭ ድምፁ ልክ የዚያ የሳላላው ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

በእኩለ ቀን ጊዲዮን ደወለ።

«ልምጣ?»

እንደፈለግክ ልትል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ና» አለችው። «እባክህ ና።»

«መጣሁ» አለና ዘጋው።

አልመጣም። ባቡር ቆሟል ተባለ። ስልኩን ስትሞክር ከአገልግሎት ውጪ ነው ይላታል። አብሮት ለሚኖረው ለቤኪ ብትደውል፣ ጊዲዮን በእኩለ ቀን ሲወጣ በር ላይ ከመገናኘታቸው በቀር የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ነገራት። ወደ ማታ ነፋሱ በረደ፤ ከዚያ ጨርሶ ቆመ። እትዬ እህተማርያም ተመልሰው «ቻርጅ ሳያደርገው ወጥቶ ይሆናል ልጄ» ቢሏትም አልታየሽ አልሰማቻቸውም። ና ብላዋለች፤ እሱም መጣሁ ብሏታል። ያንን ጸጥታ እንደገና ስትሰማ አደረች።

ቅዳሜ ማለዳ ሰማዩ የታጠበ ይመስል ጠርቷል። ደወሉ ተደወለ። እትዬ እህተማርያም ሲከፍቱ አልታየሽ ከኮሪደሩ ጫፍ አየች። ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። ከፊት ያሉት ጊዲዮን እንደ አባት የሚያያቸው አቶ ብርሃኑ ናቸው። ጥቁር ካፖርት ለብሰው ነጠላ ደርበዋል፤ ከዘራቸውን ይዘዋል። ከኋላቸው ያሉት ሁለቱም ጥቁር ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

በማለዳ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ሦስት ሆነው የሚመጡ ሰዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ ታውቃለች።

«ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አሏቸው እትዬ እህተማርያም ግራ እየገባቸው።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ብርሃኑ ሳሎኑ መሐል ቆመው። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በመጀመሪያ ስለ ልጃችን ስለ ጊዲዮን ነው። ትናንት መንገድ ላይ ሳለ... ትንሽ ጉዳት ደርሶበት...»

ትንሽ። ይህችን ቃል ሦስት ሳምንት ሙሉ ለማሚቱ እናት ስትል የኖረችው ራሷ ናት። አልታየሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች።

«አይንገሩኝ አባባ» አለች። «ገብቶኛል። ና ያልኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ብርሃኑ ደንግጠው ጓደኞቻቸውን አዩ፤ ጓደኞቻቸውም መሬት መሬት አዩ። እትዬ እህተማርያም ግን ዋዛ ሴት አይደሉም።

«አቶ ብርሃኑ፣ ልጁ በሕይወት አለ ወይስ የለም? በአንድ ቃል ይንገሩን።»

«አለ እንጂ። እግሩ ነው የተሰበረው።»

«ታዲያ በማለዳ ጥቁር ለብሳችሁ የተሰለፋችሁት ለምንድን ነው?»

«ሽማግሌ ሆነን መጥተን ነዋ» አሉ አቶ ብርሃኑ ድምፃቸው እየቀነሰ። «ያለኝ ካፖርት ይኸው ነው።»

ነገሩ ቀስ በቀስ ተፈታ። ባቡር ሲጠፋ ጊዲዮን አውቶቡስ ያዘ፤ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ሲያወርዳቸው በእግሩ ቀጠለ። ሆሎዌይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው የአንድ ግንባታ አጥር ወደቀበት፤ ስልኩም አብሮ ተሰባበረ። ሆስፒታል ሲወስዱት በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር አንድ ብቻ ሆነ፤ ሠላሳ ዓመት ያልተለወጠው የአቶ ብርሃኑ የቤት ስልክ። ሂዱና ደኅና ነው በሏት ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ደግሞ ከመሸ በኋላ ብቻቸውን የሴት ልጅ ደጅ መቆምን ነውር አደረጉት። ያው ከፋሲካ በኋላ ለሽማግሌነት መምጣታቸው ስለማይቀር ሁለቱን ጉዳይ በአንድ መንገድ እንጨርስ ብለው አሳደሩት። ይህን ሲናገሩ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። የሆስፒታሉን ክፍል ቁጥር የጻፉበትን ቁራጭ ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ።

እትዬ እህተማርያም ደወሉ። ነርሷ ስልኩን ወሰደችለት፤ አልታየሽ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ተቀበለች።

«አልታየሽ» አላት።

ትንፋሹን ሰማች፤ እሱም የእሷን ሰማ።

«መጣሁ ብዬሽ ቀረሁ» አለ።

«ና ባልልህ ኖሮ እኮ...»

«ባትዪኝም እወጣ ነበር። የደወልኩልሽ ጫማዬን አስሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው።»

ማሚቱ ታየቻት፤ ከበሩ ብቅ ስትል፣ ውኃው ውስጥ፣ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ። ያ ሁሉ ልብስ በአንድ ጥሪ አይቋጠርም። ማሚቱ ከመጠራቷ በፊት ቋጥራ ኖሯል። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ቋጠሮ ስታየው ኖራለች፤ ምን እንደሆነ ግን ዛሬ ገና ገባት። እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ።

«ከሰዓት ያስወጡኛል» አለ ጊዲዮን። «በክራንች ነው። ልምጣ?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ቅጠል አይነቃነቅም። ፈርታለች፤ አሁንም በጣም ፈርታለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደቆሙ ናቸው፤ የአንደኛው ጉልበት ይንቀጠቀጣል።

«ና» አለችው። «ቀስ ብለህ፤ ግን ና።»

አቶ ብርሃኑ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ወንበር ሳቡ።

«እንግዲህ እንቀመጥ» አሉ።