አርባ ሁለተኛው ወንበር

ሻንቆ የተገኘው ወንዙ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ውኃ ልትቀዳ የወረደች ሴት አይታው ጀሪካኗን ጥላ ሮጠች። ማጅራቱ በድንጋይ ተመቷል። ውኃው እዚያ ላይ ቁርጭምጭሚት እንኳ አይሸፍንም።

ዋና ሳጅን ሽታዬ ከሶዶ ስትደርስ የዳሞታ ተራራ ጭጋጉን እስከ አንገቱ ተከናንቦ ነበር። ወንዙ ዳር የተሰበሰበው መንደርተኛ አያለቅስም፤ እሷን እሷን ያያል።

ሟቹ ጫሬ ቀበሌ ለወረዳው ምክር ቤት ከመረጣቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ነበር። ምክር ቤቱ በዚያው ጠዋት ስብሰባ ነበረው። አጀንዳው የጫሬ ጨፌ፣ የመንደሩ የግጦሽ መስክ፣ ከነምንጩ ለድንጋይ መፍጫ ይሰጥ የሚል ነው።

"ማን ይጠላው ነበር?" አለች ሽታዬ።

መንደሩ በሙሉ ወደ ጎረቤቱ ወደ ታምራት ጠቆመ። ለመጠቆም የማንም እጅ አይደክምም።

ታምራት ጣቢያ ገባ። እጁ ላይ የእንሰት ጭቃ ደርቆበታል።

"አረካ ገበያ ላይ 'ውኃ ይውሰድህ' ብለኸዋል።"

"ብያለሁ። በየዓመቱ ድንበሬን አንድ አንድ ክንድ ይገፋል።"

"ስለዚህ ገደልከው።"

"መረጥኩት እንጂ።"

ሽታዬ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ለአንድ ክንድ መሬት እንዲህ የሚሞት ሰው ለጨፌው ምን ሊሆን ነው ብዬ ነዋ። ድምፄን ለእሱ ሰጠሁ። አሁን እኔ እሱን ገድዬ ከብቴን የት ላግድ ነው፣ እኅቴ?"

አለቃዋ ግን ነገሩ አልቋል ባይ ነበር። ዛቻ አለ፣ ጠብ አለ፤ ነገ ታምራት ፍርድ ቤት ይቀርባል። ለሽታዬ የቀረላት የዚያ ቀን ከሰዓት ብቻ ነው።

ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ፈጠነች ሄደች። ፈጠነች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከለቀስተኛው መሃል ተቀምጣለች።

"ትናንት በበቆሎ ፍሬ እየቆጠረ አሳየኝ" አለች። "ከአሥራ አራት ቀበሌ ሦስት ሦስት ሰው፣ አርባ ሁለት። ሃያ ሰው አሳምኛለሁ፣ ከእኔ ጋር ሃያ አንድ ሆነን ከስብሰባው እንቀራለን አለ። ከግማሽ በላይ ካልተገኘ ስብሰባ የለም፣ ጨፌውም ይተርፋል አለ። ከዚያ ስልክ ተደወለለትና ወጣ። አልተመለሰም።"

"ማን ደወለ?"

"ከወረዳ ነው ብሎኛል።"

ሽታዬ ወደ ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ደወለች። ስብሰባው አልተበተነም ነበር። ውሳኔው ጸድቋል።

የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ኤልሳዕ ሸሚዙ እንደ ደብዳቤ የተጣጠፈ ሰው ነው። ሳቁም በማኅተም የሚወጣ ይመስላል።

"ሐዘናችን ከባድ ነው፣ ሳጅን። አቶ ሻንቆ ጠንካራ አባላችን ነበሩ።"

"ቃለ ጉባኤውን ልየው።"

ሰጣት። በኩራት ነው የሰጣት። ስብሰባው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መጀመሩን የሚናገር፣ አፈ ጉባኤው የፈረሙበት፣ አንድ ፊደል እንኳ ያልተሰረዘበት ወረቀት ነው። ሽታዬ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ስንት ሰው ተገኘ?"

"ሃያ አንድ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።"

"አባላቱ አርባ ሁለት አይደሉም?"

"አርባ አንድ" አለ ኤልሳዕ፣ ደንብ ለማያውቅ እንደሚያስረዳ። "የሞተ አባል ወንበር ማሟያ ምርጫ እስኪደረግ ከቁጥር ይወጣል። ከአርባ አንድ ሃያ አንድ ከግማሽ በላይ ነው። ሒሳቡ ትክክል ነው።"

"ትክክል ነው" አለች ሽታዬ ቀስ ብላ። "ስብሰባው በሦስት ሰዓት ተጀመረ። ሻንቆ የተገኘው በስድስት ሰዓት ነው። በሦስት ሰዓት መሞቱን ማን ነገረህ?"

ኤልሳዕ ቃለ ጉባኤውን ወደ ራሱ ሳበ።

"ጻፍ ያሉኝን ነው የጻፍኩት።"

"አፈ ጉባኤው ግን ቁጥሩን ያቀረብከው አንተ ነህ ብለውኛል። ወደ ሻንቆ ስልክ የገባው የመጨረሻ ጥሪስ ከየትኛው ጠረጴዛ እንደሆነ ልንገርህ?"

አልነገረችውም። መልሱ ገና ከቴሌ አልመጣላትም ነበር። እሱ ግን ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አየ፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ቀልጦ ሁሉንም ተናገረ።

የድንጋይ መፍጫው የኤልሳዕ ሚስት ወንድም ንብረት ነበር። ኤልሳዕ ሻንቆን እንስማማ ብሎ ወደ ወንዙ ጠራው። ሻንቆ አልስማማም ብሎ ጀርባውን ሲሰጥ ኤልሳዕ ድንጋይ አነሣ። የፈለገው ድምፁን አልነበረም። ወንበሩ እንዲጎድል ብቻ ነው።

ሽታዬ ከአፈ ጉባኤው ሌላ እጅ ያወጡትን ሃያ ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቀች። አሥራ ዘጠኙ "ቁጥሩን ልብ አላልኩም" አሉ። አንድ ሽማግሌ ብቻ ጫማቸውን እያዩ፣ "አርባ አንድ ሲባል ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ስሕተት መስሎኝ ነው" አሉ። ቀጥለው፣ "ስሕተት እንዲሆን ፈልጌ ነው" አሉ።

ውሳኔው ተሻረ። ታምራት ተፈታ።

ለማሟያ ምርጫው የጫሬ ሰው ዱቡሻው ላይ፣ ከጥንት በሚሰበሰብበት ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ማን ይወዳደር ሲባል ሁሉም መሬት መሬት አየ። በመጨረሻ ታምራት ተነሣ።

"ድንበሩን ሊያስመልስ ነው" አለ አንዱ ከኋላ። ጥቂት ሰው ሳቀ።

ታምራት ተመረጠ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከወረዳ ስልክ ሲደወልለት፣ ከማንሣቱ በፊት ሚስቱን ይጠራና ማን እንደደወለ እንድትሰማ አጠገቡ ያስቀምጣታል።