የሌለው ጉዞ

ጋሼ ማኅተም ሐሰተኛውን ካርድ በልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ አንሸራተተው።

ሽማግሌው በፊተኛው ክፍል ልብስ ያጥባል፤ በጓሮው ክፍል ሐሰተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ይሸጣል። ዋርካ ገዢ መስሎ ነው የገባው። ሰላይ ነው፤ የሽፋን ስሙን ያወጣለት አለቃው ነው። ዋርካ ራሱ ለአገሩ መጤ ነው፣ በሕጋዊ መንገድ ቋሚ ነዋሪ የሆነ። የሚስቱ ማመልከቻ የተንጠለጠለውም በእሱ ፈቃድ ላይ ነው። አለቃው «ይህን ጨርስ፣ ሚስትህን እናስመጣለን» ብሎታል።

«እንኳን ደስ ያለህ ልጄ!» አለ ጋሼ ማኅተም። «ካሁን ወዲያ ዜጋ ነህ።»

«ቋሚ ነዋሪና ዜጋ አንድ ነው እንዴ? ከአገር ወጥተው ብዙ ከቆዩ እኮ የነዋሪነት ፈቃዱ ይሰረዛል።»

ዋርካን ከአፉ አመለጠው።

«ይህን ማን ነገረህ?»

ሽማግሌው በሩን ቆለፈ።

ወይ ጅልነት! ሐሰተኛ ካርድ ሊገዛ መጥቶ ሕግ የሚጠቅስ ማን አለ? ዋርካን ላብ አጠመቀው።

«ወንድሜ ተሰርዞበት ነዋ!» ብሎ ጮኸ። «ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ! ለዚህ አይደል እርስዎ ጋ የመጣሁት?»

ጋሼ ማኅተም አየት አደረገውና ሳቀ። ዋርካ ሙቀቱን አማርሮ ኮቱን መስኮቱ ላይ ሰቀለ። ውጭ ለሚጠብቁት ምልክቱ እሱ ነበር።

ፖሊሶች በሩን ገንጥለው ገቡ።

በማግስቱ አለቃው ቢሮ አስጠራው።

«ጎበዝ። ግን ፈቃድህ ተሰርዟል። ውጭ አገር ብዙ ቆይተሃል።»

«ውጭ አገር ሄደህ የሽማግሌውን ግብረ አበሮች ተከታተል ብለው የላኩኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ!»

«ያ ጉዞ ምስጢር ነው። እኛ ዘንድ የለም።»

«ከሌለ ታዲያ ፈቃዴን ምን ሰረዘው?»

«ኢሚግሬሽን ዘንድ አለ።»

«ሲልኩኝ ያውቁ ነበር?»

አለቃው መነጽሩን መጥረግ ጀመረ።

«ሌላ የምልከው ሰው አልነበረኝም።»

ዋርካ ደሙ ፈላ። ማንን ይክሰስ? ምስጢር እንዳያወጣ ፈርሟል።

መንገድ ዳር ቆሞ ለሚስቱ ደወለና ውጭ አገር በመቆየቱ ፈቃዱ መሰረዙን ነገራት።

«ውጭ አገር?» አለች። «እዚሁ ከተማ ነኝ ስትለኝ አልነበር? የት ነበርክ?»

«ሥራ ነው።»

«የምን ሥራ?»

ምን ይበላት!

«ሌላ አለች አይደል?»

«በእናቴ ሞት፣ የለችም!»

«እና የት እንደነበርክ ንገረኛ!»

«ሥራ ነው አልኩሽ።» ስልኩን ዘጋችበት።

አውቶቡስ መጣ። ሰው እየተጋፋ ተሳፈረ፤ እሱም ተሳፈረ።

«አንተ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በል!» አለው ሹፌሩ።

ጠጋ አለ።