የእማማ ዳፍኒ ድርሻ

በዚያ ዓመት ካሮላይና ላይ ዝናብ ቀረ። ወንዙ ሲሳሳ ባሕሩ ወደ ላይ ገፋ፤ ጨው እርሻው ውስጥ ገብቶ የሩዙን እኩሌታ አቃጠለው። በሰኔ ፈንጣጣ ገባ። ከእርሻው ሠላሳ ሁለት ባሮች ሰባቱ ተቀበሩ። የጌታው ልጅ ከእንግሊዝ ንጉሥ ነጻ ልውጣ ብሎ ዘመተ፤ ፈረሱን የጫኑለት ባሮቹ ነበሩ። ሰው አነሰ እንጂ የእያንዳንዱ የዕለት የሥራ ድርሻ አላነሰም። ድርሻውን ቀድሞ የጨረሰ እስከ ማታ ቆጠራ የሚፈልገው የለም። ያልጨረሰ ይገረፋል።

«ጨረስሽ?» አላት ወንድሟ ሚንጎ ከግድቡ ሥር ተጋድሞ።

«ጨረስኩ» አለች ፊባ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

«በይ ተነሽ። ታንኳዋ ሸምበቆው ውስጥ ናት። ውሃው ወደ ባሕር መመለስ ጀምሯል፤ እሱው ያደርሰናል።»

ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት የንጉሡ ወታደሮች ሰፍረዋል። ከዐመፀኛ ጌታ ለሸሸ ባሪያ ነጻነት ይሰጣሉ ይባላል።

«ስኳር ወደሚመረትባቸው ደሴቶች ወስደው ይሸጡናል የሚባለውስ?»

«ማነው የሚለው? ጌታው! እሱ መቼ እውነት ተናግሮ ያውቃል? እናታችንን አልሸጥም ያለ ጊዜ?»

የፊባ ዓይን ግን አጠገቧ ባለው መስመር ላይ ነበር። እማማ ዳፍኒ ጭቃው ውስጥ ተንበርክከው ያርማሉ። ጣቶቻቸው አብጠው አልታጠፍ ብለዋል። ሲሶው ገና ይቀራቸዋል።

ከሁለት ዓመት በፊት ፊባ በወባ ስትንቀጠቀጥ ድርሻዋን የጨረሱላት እሳቸው ነበሩ። የራሳቸው ሳይታረም ቀረ። ሃያ ጅራፍ ሲያርፍባቸው ፊባ ቆማ ቆጠረች። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አንስተውባት አያውቁም፤ የከበዳትም ይኸው ነበር።

«ትንሽ ጠብቀኝ» አለችው።

ሚንጎ ወደምታይበት አይቶ ገባው። «አበድሽ እንዴ? ውሃው አንቺን ይጠብቃል? ታንኳዋ ጭቃ ላይ ከቀረች አለቀልን!»

«ካልደረስኩ ሂድ።»

«ያላንቺ?»

«ያለ እኔ።»

ሄዳ ከአሮጊቷ አጠገብ ተንበረከከች።

«ምን ልሁን ብለሽ ነው?» አሉ እማማ ዳፍኒ ቀና ሳይሉ። «ወንድምሽ እዚያ ተጋድሞ አዞ መስሏል። እኔ ያየሁትን ተቆጣጣሪው ሲፒዮ የማያየው መሰለሽ? ይዘሽው ጥፊ!»

«ይህችን ልጨርስ፣ እማማ።»

«እኔ መገረፍ ለምጃለሁ።»

«እኔ ማየት አልለመድኩም።»

«ትመልስልኛለች ደግሞ! ሥሩን ንቀይው እንጂ፤ እንዲህ ነው የሚታረም?»

ፊባ ሥሩን ነቀለች። ከመቸኮሏ የተነሣ አረሙን ትታ ሩዝ ልትነቅል ምንም አልቀራት። በቦዩ ውሃው እየጮኸ ይወርዳል። ከግድቡ በኩል የሚንጎን ፉጨት ሰማች። ቆይቶ ሁለተኛ። ሦስተኛውን ጠበቀች፤ አልመጣም። ቀና አላለችም።

የመጨረሻውን ነቅላ ሳትነሣ ሲፒዮ መለኪያ ዘንጉን ይዞ መጣ። እሱም ባሪያ ነው፤ ጅራፉን ግን የያዘው እሱ ነው።

«ዛሬ ማን ረዳሽ፣ አሮጊት?»

«እግዜር።»

«እግዜር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው?» አለና ፊባን አያት። ሩዙን በዘንጉ እየገለጠ ከዳር እስከ ዳር ሄደ፤ ተመለሰ። «ወንድምሽስ?»

«ጓሮው ጋ ነው፤ አትክልት ያጠጣል» አለች ፊባ።

ሲፒዮ ወደ ወንዙ ተመለከተ። ከዚያ ጅራፉን ጠቀለለ።

«ድርሻው ሙሉ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው መስመር አለፈ።

ያን ጊዜ ፊባ ዞረች። ሸምበቆው ውስጥ ታንኳ የለም። ባዶ ጭቃ ብቻ ነው። ማታ በቆጠራው ስለ ሚንጎ ምን እንደሚጠይቋት ታውቃለች። እማማ ዳፍኒን ደግፋ ጎጆአቸው አስገባቻቸው። አሮጊቷ ዛሬ ባልተገረፈ ጀርባቸው ጋደም አሉ።