የተሸፈነው ቆዳ

ሐረገወይን ጠዋት ጠዋት የቆዳ ፋብሪካውን በር ስታልፍ አፍንጫዋን በሻርፗ ጫፍ ትሸፍናለች፤ ጥቅም ግን የለውም። የኖራው፣ የጨውና የሻገተ ስብ ሽታ ተደባልቆ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ቅባት ይለጠፋል፤ ምሳዋ ሁሉ ያንኑ ያንኑ ይላል። ቤቱ ይገማል፣ ሌላ ቃል የለውም።

ሥራዋ ኮምፒውተሩ የበግ ቆዳ ላይ ያለውን እከክ እንዲለይ ማሠልጠን ነው። የሠራችው የነርቭ መረብ፣ ፎቶ እያየ በራሱ የሚማር ፕሮግራም፣ መልስ የሚነግረው አስተማሪ የለውም፤ ከፎቶው አንዱ ክፍል ይሸፈንበታል፣ ዙሪያውን አይቶ የተሸፈነውን ይስላል፣ ከዚያ ሽፋኑ ተነሥቶ ስህተቱ ይለካል። የመረቡን ንብርብር ጨምራ፣ መሐሉን አጥብባ ንድፉን ስታሻሽል ስህተቱ እየወረደ ሄደ። በቀረቡለት ፎቶዎች ውስጥ ጨርሶ አይቶት የማያውቀውን ነገር ግን ሊስል አይችልም።

እዚህ የገባችው ለደመወዙ ብቻ አልነበረም። ታላቅ እህቷ ዘርፌ እዚሁ ቆዳ ስትለይ ቆይታ ከጥቅምት ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል። የክፍሉን ኃላፊ ጋሽ ባንጃውን ስትጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«ዓረብ አገር ሄዳለች አልኩሽ እኮ፣ የኔ ልጅ። ትደውልልሻለች።»

ጥፍራቸው ሥር የደረቀውን ነጭ ስብ እያየች፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች።

ሰኞ ዕለት መረቡ ከእከክ ሌላ ነገር መሳል ጀመረ። መጀመሪያ የተለየው የጠጉሩ ቀዳዳ ነበር፣ ከበግ የደቀቀ። ቀጥሎ ክርን ላይ እንዳለው ያለ ሽብሽብ መጣ። ንድፉ ላይ ተሳስቻለሁ ብላ ንብርብሮቹን አፍርሳ ገነባች፤ ባፈረሰች ቁጥር ሥዕሉ ይብሱን እየጠራ ሄደ። ከታች በሚሽከረከሩት በርሜሎች ውስጥ እርጥብ ቆዳ እየተነሣ ይፈጠፈጣል፣ ድምፁም ወለሉን አልፎ እግሯ ድረስ ይመጣል።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ በተሸፈነው ቦታ ላይ ክብ የክትባት ጠባሳ ተሣለ፤ ከሥሩም በመርፌ የተወጋ ሰማያዊ «ሐ»። ዘርፌ በልጅነቷ የታናሽ እህቷን ስም መነሻ ክንዷ ላይ ወግታ እናታቸው ገርፈዋት ነበር። ሐረገወይን የእህቷን ፎቶ አንድም ቀን ለማሽኑ አላሳየችውም።

«ጋሽ ባንጃው፣ ይሄ የትኛው ቆዳ ነው?»

ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ጨው ውስጥ የከረመው ነዋ። ከሰኞ ጀምሮ ፎቶ እያነሣን ወደ ኮምፒውተርሽ ስንልከው የሰነበትነው። ለስላሳ ነው አይደል? እከክ የሚባል አልነካውም።»

ቆሻሻ መጣያው ላይ አስመለሳት። አፏን ጠርጋ ተመለሰች፤ ወራት ሙሉ እንዲሳካላት የለፋችበት ማሽን አሁን እንዲሳሳት ለመነች። ንድፌ ብልሹ ነው፣ መረቡ አብዷል፣ ሽፋኑ ሥር ያለው የበግ ቆዳ ነው እያለች ሽፋኑን አነሣች።

ከሽፋኑ ሥር የወጣው ፎቶ ከሥዕሉ አልተለየም፤ ከግርጌው «ስህተት፦ ዜሮ» ይላል።