ማንኛውም ድምፅ

«...በመሆኑም ከአጥር ውጭ የሚሰማ ማንኛውም ድምፅ የሚያወጣ ሥራ በሰፈራችን እንዳይፈቀድ፣ ያለውም እንዲነሣ በአክብሮት እንጠይቃለን።»

ከፕላን ጽሕፈት ቤት የመጣችው መሐንዲስ ደብዳቤውን አንብባ ጨረሰችና መነጽሯን አወለቀች።

የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጸጥ አለ። ጸጥታው ዝንብ ስትበር የሚያሰማ ዓይነት አልነበረም፤ ዝንቧ ምን እያሰበች እንደሆነ ሁሉ የሚያሰማ ነበር። በዚያ ጸጥታ መሀል ሁለት መዳፎች ብቻ ጧ፣ ጧ፣ ጧ አሉ። እንደ አካፋ የሰፉ፣ ጠባሳቸው ከከተማው መንገዶች የበዛ መዳፎች ናቸው።

የአባቷ ነበሩ።

ልጅቷ ወንበሯ ላይ ኩርምት አለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ክፍሏ ውስጥ «ቃለ ጉባኤ» ይሏታል፤ ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ እሷ ትጽፈዋለች ለማለት ነው። እንደ እሷ ያለ እጅ ጽሑፍ በሰፈሩ ቀርቶ በሰባት ከተማ ቢፈለግ አይገኝም። የሰፈሩ ኮሚቴ የተቃውሞ ደብዳቤውን እንድትገለብጥ የሰጣትም ለዚሁ ነው። ጉዳዩ ከባድ ነበርና። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አሥራ ሁለት ፎቅ ሊቆም ነው። «ቅይጥ አገልግሎት» ይሉታል፦ ከታች ሱቅ፣ ከመሀል ቢሮ፣ ከላይ መኖሪያ። ምድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ እስከ ንጋት የሚደልቅ የጭፈራ አዳራሽ፣ ከኋላው ዝሆን የሚያህል ጄኔሬተር። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ልብስ ሰፊው ሽማግሌ፣ «ቅይጥ ማለት ብሩ ለእነሱ፣ ጩኸቱ ለእኛ ማለት ነው» ብለው ሰፈሩን ያሳቁት የዚያን ሰሞን ነው።

አባቷ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። ቅጽል ስሙ «ነጎድጓድ» ይባላል፤ መዶሻው ሲያርፍ ደመና ሳይቀር ወደ ጎረቤት ከተማ ይሰደዳል። ባልዲ፣ በርሜል፣ የጣሪያ አሸንዳ ሲቀጠቅጥ ሠላሳ ዓመት ሞላው፤ ሠላሳው ዓመት ጆሮውን ጥርግ አድርጎ በላው። አሁን ከልጁ ከንፈር ላይ ጥቂት ቃል ይለቅማል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ዓለም ለእሱ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ነው። ዛሬም አንድ ቃል አልሰማም። የሚያውቀው የልጁ ወረቀት በትልቅ ሰው እጅ ተይዞ እንደተነበበ ብቻ ነው። ካሉት ሁለት መቶ አሥራ አራት ፊርማዎች የመጀመሪያው የእሱ ነው፤ የልጁ እጅ ጽሑፍ ነውና ሳያነብ ፈረመ።

ሱፍ የለበሰው የባለ ሕንፃው ወኪል ብድግ አለ። ፈገግታው ቅቤ የጠጣ ነው።

«እኛ እንስማማለን» አለ። «የጭፈራ አዳራሹ ይቅር። ጄኔሬተሩንም ድምፅ በማያሳልፍ ክፍል ውስጥ እንቀብረዋለን። አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን፤ ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች እንደተጻፈው ይፈጸም። ማንኛውም ማለት ማንኛውም ነው።» ይህን ሲል ዐይኑ በመስኮቱ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ። ማዶ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ የአባቷ የቆርቆሮ መቀጥቀጫ ቤት አለ። የሕንፃው የመኪና መግቢያ በፕላኑ ላይ የተሳለው ልክ ከፊቱ ነው።

«እሱ እኮ የቆየ ሰው ነው!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«ደብዳቤው ‹ያለውም እንዲነሣ› ይላል» አለች መሐንዲሷ። ክፉ ሰው አትመስልም፤ የደከማት ነው የምትመስለው። «ጥያቄው የእናንተ ነው። ከሕንፃው ስደርስ ላነበው፣ ከእናንተ ስደርስ ልዘለው አልችልም።»

«ይታረም ብንልስ?» አሉ ልብስ ሰፊው።

«ይቻላል። ግን እንደገና ፊርማ፣ እንደገና ስብሰባ ነው። የተቃውሞው ጊዜ ሰኞ ያበቃል። እስከዚያ በእጄ ደብዳቤ ከሌለ ሕንፃው ከነጭፈራ አዳራሹ ያልፋል። እንደተጻፈው ይግባ የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

መጀመሪያ ማንም አላወጣም። ሰው ሁሉ የጫማውን ጫፍ ያያል። ቀጥሎ አንዲት እጅ ከፍ አለች፤ የነርሷ ናት። ሌሊት ሆስፒታል አድራ ቀን የምትተኛ፣ ወይም ልተኛ ብላ ከቆርቆሮ ጋር ስትታገል የምትውል ጎረቤታቸው። ዐይኗ ቀልቷል፤ ወደ ቆርቆሮ ሠሪው አልዞረችም። ከዚያ አምስት እጅ፣ ከዚያ ሃያ። በመጨረሻ የልብስ ሰፊውም እጅ ወጣ።

አባቷ ግራና ቀኙን አየ። ሰው ሁሉ እጁን አውጥቷል። የልጁ ደብዳቤ ነው። ያንን የሚያህል እጁን አነሣ፤ ከሁሉም በላይ፣ ጣሪያውን ሊነካ እስኪቃረብ።

ልጅቷ አጠገቡ ነበረች። ክንዱን ይዛ ማውረድ ትችል ነበር። ሁለቱን እጆቿን ከጭኗ ሥር ደበቀቻቸው።

ውጭ በር ላይ ልብስ ሰፊው ጎትተው ወደ ጥግ ወሰዷት።

«ስሚኝማ የኔ ልጅ። እጅሽ ስቶ ነው። ቃል እንደ መርፌ ነው፤ አንዳንዴ የያዘውን ይወጋል። እኔም አንብቤው ነበር እኮ! ጽሑፍሽ አማረኝና ቃሉን ሳላይ አለፍኩ።»

«ለአባዬ ምን ልበለው ጋሼ?»

«ምንም። የማስነሻው ወረቀት እስኪመጣ ምንም አትበዪው። ሲመጣ ደግሞ በስሕተት ነው ትያለሽ። እኛም እንመሰክራለን፤ ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክራል። ማንስ አባቱን አውቆ ይጎዳል?»

ይህን ብለው ቸኩለው ሄዱ። ልክ እንደ ሸሸ ሰው።

የነርሷ ልጅ ማስቲካዋን እያኘከች ከኋላ መጣች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች ናቸው።

«ፊትሽ ምነው? አመድ መሰልሽ እኮ» አለቻት።

«አላየሽም እንዴ?»

«አየሁ። ግን አታካብጂው ባክሽ። እሱ እንደሆነ አልሰማም። እማዬ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀን ተኝታ አታውቅም። ባለፈው መርፌ ይዛ ቆማ አንቀላፋች አሉ። በሽተኛው ነው የቀሰቀሳት! ሌላ ቦታ ይከፍታል በቃ። መዶሻ እንደሆነ ይዞት ይሄዳል።»

«ሠላሳ ዓመት የኖረበት ቦታ እኮ ነው። ደንበኛው ሁሉ የሚያውቀው እዚህ ነው። በማያውቁት ሰፈር ለማይሰማ ሰው ማን ሥራ ይሰጣል?»

«ኧረ እኔን ምን ታፋጥጪኛለሽ? አንቺም ሆን ብለሽ አይደለም፤ ተሳሳትሽ፤ አለቀ።»

ልጅቷ ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስሕተት አልነበረም።»

ጓደኛዋ ማኘኩን አቆመች።

ደብዳቤውን የገለበጠችው ረቡዕ ከሰዓት ነበር። ሐሙስ ጠዋት የሒሳብ ፈተና አለባት። መጽሐፉ ከፊቷ፣ የኮሚቴው ረቂቅ ከጎኗ፣ ግድግዳው ማዶ ደግሞ አባቷ ለእግዚአብሔር ዝናብ በሙሉ የሚበቃ በርሜል እየቀጠቀጠ ነው። ኳ! ኳ! ኳ! ቁጥሮቹ ከገጹ ላይ እየዘለሉ ወደቁ። ሦስት ጊዜ ሄዳ «አባዬ!» አለችው። ሦስተኛው ጉሮሮዋን የቀደደ ጩኸት ነበር። ጀርባውን እንደሰጣት ያፏጫል። ወደ ቤት ተመለሰችና ብዕሯን አነሣች። ረቂቁ «አዲስ በሚሠራው ሕንፃ ውስጥ የሚከፈት የጭፈራ አዳራሽ» ይላል። እሷ «ማንኛውም» ብላ ጻፈች። ቀጥላ፣ ማንም ያልነገራትን፣ «ያለውም እንዲነሣ» ጨመረች። ከደብዳቤው መስመሮች ሁሉ የተዋበው እሱ ነበር። በማግስቱ ንዴቷ በረደ። ደብዳቤው ግን ከቤት ቤት እየዞረ ሲፈረምበት ነበር፤ እሷም መልሱልኝ ለማለት አፏን ሳትከፍት ቅዳሜ ደረሰ።

ጓደኛዋ ሁሉንም ሰምታ ማስቲካዋን ተፋች።

«ይህንን ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለች። «እኔም አልሰማሁም። እሺ? አልሰማሁም!»

አባቷ ከመንገዱ ማዶ በሁለት እጁ እየጠራት ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ አወራ። መስማት ከተወ ወዲህ ድምፁን መመጠን ትቷል፤ ሹክ ሲል ሳይቀር ሁለት ሰፈር ያዳርሳል። «አሸነፍን አይደል? አየሁት እኮ፤ ሰው ሁሉ እጁን አወጣ! አንቺ ነሽ ያሸነፍሽው፣ የኔ ጸሐፊ!» የሚያልፉት ጎረቤቶች ራሳቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ሰላም ይሉትና ፊታቸውን ያዞራሉ። ዳቦ ሻጯ ሱቋን ዘጋ አደረገች። «ምነው ሰው ሁሉ አፈረ?» አለ እየሳቀ። «ፎቁ ሲያልቅ ደግሞ አሸንዳውን ለእኔ ሳይሰጡኝ አይቀሩም። አሥራ ሁለት ፎቅ! በዚህ ከተማ እኔ የሠራሁትን የሚያህል አሸንዳ ማን ይሠራል?»

ማንም። እውነቱን ነው።

ቆርቆሮ ቤቱ ደርሰው ቱታውን ለበሰና ከውስጠኛው የመሥሪያ ሳንቃ ፊት ቆመ። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ አንድ ጠርዝ ማጠፍ ጀመረ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ፣ በግድግዳው ላይ የተደረደሩት አዳዲስ ቆርቆሮዎች ብርቱካናማ ሆነዋል። ደንበኞቹ የሚፈልጉትን ልክ የሚጽፉለት እዚያው ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ጠመኔው ሁልጊዜ በገመድ ታስሮ በሩ ጥግ ይንጠለጠላል። እሱ አንብቦ፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ በእጅጌው ያብሰዋል። በዚህ ዓይነት ከስንት ሺህ ሰው ጋር ተነጋግሯል።

ልጅቷ ጠመኔውን ያዘች። ከሁሉም የሚሰፋውን ቆርቆሮ መረጠችና ጻፈች፦

«አባዬ፣ ዛሬ ያጨበጨብክለት ደብዳቤ ይህን ቤት የሚያስነሣ ነው። ‹ማንኛውም› የሚለውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። በስሕተት ነው።»

ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየችው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ከሁሉም አምረው ተቀምጠዋል። ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክርላቸዋል። አባቷም ያምናቸዋል፤ ትከሻዋን መታ አድርጎ «ቃል ነው፣ ምን ይደረግ» ይላታል። ማታም ወንበሩን አስጠግቶ እንደ ሁልጊዜው ደብተሯን ያያል፤ ምንም ሳይገባው።

የሹራቧን እጅጌ ወደ መዳፏ ሳበችና ሁለቱን ቃላት አበሰች። እጅጌው ነጭ ሆነ። በቦታቸው ጻፈች፦

«አውቄ ነው።»

እሱ አሁንም ጀርባውን እንደሰጣት ነው። ያፏጫል። ትታው ብትሄድ ነገ ጠዋት እሷ በሌለችበት ያነበዋል። በሩ ክፍት ነው፤ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ቀና ብላ አየች። ከመንገዱ ማዶ የነርሷ መጋረጃ ተዘግቷል፤ ማታ ሥራ ከመግባቷ በፊት ትንሽ ጋደም ብላለች።

ልጅቷ ከመሬት ትልቁን መዶሻ አነሣች። ከባድ ነበር፤ እሱ በአንድ እጁ የሚወረውረውን እሷ በሁለት እጇ ያዘችው። ባላት ጉልበት ሁሉ የቆርቆሮውን ጠርዝ መታች።

ቤቱ ጮኸ። ግድግዳው፣ ባልዲዎቹ፣ የተደረደሩት በርሜሎች ሁሉ አብረው ጮኹ። ድምፁ ከአጥር ወጣ፣ መንገዱን ተሻገረ። የነርሷ መጋረጃ ተንቀሳቀሰ።

አባቷ አልሰማም። ወለሉ ግን ከእግሩ ሥር ተርገፈገፈ። ፉጨቱን አቆመ፣ መዶሻውን ቀስ ብሎ ሳንቃው ላይ አስቀመጠና ዞረ።

ልጅቷ እንዲያነብ ከቆርቆሮው ፊት ዘወር አለች። ከዐይኑ ፊት ግን አልሸሸችም።