የዝናሽ ደም

የፎቁ ጥበቃ አያ ክንዱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ቀኑ ዓርብ ነው። ፒያሳ ካለው አሮጌ ፎቅ ሁለተኛ ደርብ ላይ የ«ጤና በደጅ» ቢሮ በር ተዘግቶ ግን ሳይቆለፍ አገኙት። ገፋ አድርገው ሲገቡ ሲስተር ምስጢር ሕሙማን ደም በሚሰጡበት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቀኝ እጅጌዋ ከክርኗ በላይ ተሰብስቧል። ክንድ የሚታሰርበት ላስቲክ ተፈትቶ ጉልበቷ ላይ ወድቋል።

«ምነው ልጄ፣ የራስሽንም ደም መቅዳት ጀመርሽ?» አሏት።

አልመለሰችም። እጇን ሲነኩት ቀዝቅዟል።

ኢንስፔክተር ኪዳነወልድ ሲደርስ ደረጃው በሰው ተሞልቶ ነበር። ምስጢርን የማያውቅ የለም። «ጤና በደጅ» ከአራት ዓመት በፊት ሆስፒታል ሄደው ወረፋ መጠበቅ ላቃታቸው አሮጊቶችና አረጋውያን ካህናት ብላ የጀመረችው ሥራ ነው። እቤታቸው ሄዳ ደም ትቀዳለች፤ በማግስቱ ውጤቱን ይዛ ትመለሳለች። አሁን ኮላ ድባና አይከል ድረስ ትሠራ ነበር፤ አዲ አርቃይ ልትከፍትም አስባ ነበር። ደሙን የምትመረምረው ግን እሷ አልነበረችም። ምርመራውን የሄለን ላቦራቶሪ ይሠራዋል፤ በውጤቱ ወረቀት ላይ የሚታተመው ስም ግን «ጤና በደጅ»፣ ከሥር ያለው ፊርማም የሲስተር ምስጢር ነው።

ኪዳነወልድ መርፌ ሲያይ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። ቢሆንም ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ክንዶች አገላብጦ አየ። በግራው ክርን እጥፋት ላይ ወደ ቢጫነት የተለወጠ የቆየ ብልዝ አለ። በቀኙ ላይ አዲስ የመርፌ ቀዳዳ፣ በላዩም ጥጥና ፕላስተር ተለጥፏል። የፕላስተሩ አንዱ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ እንደ ትንሽ ጆሮ ቆሟል። ከኋላዋ ያለው የመድኃኒት ቁም ሣጥን ክፍት ነው።

«አያ ክንዱ፣ በየትኛው እጇ ነበር የምትጽፈው?»

«በቀኟ ነዋ። እኔን ስትቀዳኝም በቀኟ ነው፤ እጇ ሸጋ ነበር፣ አያምም።»

«እርስዎ ስንት ሰዓት ወጡ?»

«ስድስት ሰዓት ሳይሞላ። በጾም ዓርብ ዓርብ አስቀድሳለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ስወጣ ባሏ ሲገባ አይቻለሁ። ፊቱ ደህና አልነበረም።»

በጠረጴዛው ላይ የምስጢር ማስታወሻ ደብተር ነበር። በመጨረሻው የተጻፈበት ገጽ ላይ ሦስት ስሞች ሰፍረዋል፦ ዝናሽ፣ አበቡ፣ ሰውአገኝ። ከላይ «ሰኞ፣ አንዱ ደም ለሁለቱም ቤት» ይላል። ከስሞቹ ፊት ለፊት ሁለት ረድፍ ቁጥር አለ፤ አንዱ «ሄለን»፣ ሌላው «ባሕር ዳር»። የአበቡና የሰውአገኝ ውጤት በሁለቱም ቤት ተቀራራቢ ነው። የዝናሽ የደም መጠን ግን ከሄለን ስምንት ነጥብ ሁለት፣ ማለት በጣም ያነሰ፣ ከባሕር ዳር ደግሞ አሥራ ሦስት ነጥብ አንድ፣ ማለት ሙሉ ሆኖ መጥቷል። ከዝናሽ ስም አጠገብ በእርሳስ አንዲት ቃል ተጨምራለች፤ «እኔ»።

የሐኪሙ ቃል ቅዳሜ ጠዋት ደረሰው። ምስጢር የሞተችው በስድስትና በሰባት ሰዓት መካከል ነው። ከቁም ሣጥኑ የጎደለው መድኃኒት ሳይበረዝ በደም ሥሯ ገብቶ ልቧን አቁሞታል። ኪዳነወልድ ይህን ለማንም እንዳይነገር አዘዘ።

ባሏ ህሩይ የሂሳብ መምህር ነው። ከቀብር መልስ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ለብቻው ተቀምጦ አገኘው።

«ዓርብ ቢሮዋ ሄደህ ነበር።»

«ሄጄ ነበር። አሥር ደቂቃ ብቆይ ነው።»

«ለምን?»

«መልካሙ የሚባል የባሕር ዳሩ ላቦራቶሪ ወኪል አለ። ሥራውን ለእነሱ እንድትሰጥ ይለምናታል። ባለፈው ወር ብቻ ስድስት ጊዜ መጣ። ላቦራቶሪ ለመምረጥ ስድስት ጊዜ አብሮ ምሳ ይበላል? ይህንኑ ልጠይቃት ሄድኩ። ‹ዛሬ ያልቃል፣ ከዛሬ በኋላ አታየውም› አለችኝ። አላመንኳትም። በሩን ወርውሬ ወጣሁ።»

«ያማት ነበር?»

«ምንም። ጥር ላይ ተመርምራ ደሟ ሙሉ ነው ተብላለች። ወረቀቱ እቤት አለ።»

መልካሙ ያረፈበት ሆቴል ሳሎን ውስጥ ጠበቀው። ጫማው የተወለወለ፣ ንግግሩ ለስላሳ ነው፤ ዓይኑ ግን ከዓርብ ጀምሮ እንቅልፍ አላየም።

«ከባሕር ዳር ስመጣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ ዘመን ኬላ ነበርኩ፤ የማኪናዬ ታርጋ ተመዝግቧል። እዚያው ቆሜ ደወልኩላት። ‹ስምንት ሰዓት ላይ ና፣ ወረቀቱ ዝግጁ ነው፣ በእጅህ እሰጥሃለሁ› አለችኝ። ደርሼ ባንኳኳ የሚመልስ የለም። ምሳ ወጥታ ይሆናል ብዬ ተመለስኩ።»

«ስታነጋግርህ ብቻዋን ነበረች?»

«አይመስለኝም። ብልቃጥ ሲንኳኳ ይሰማ ነበር። ደግሞም ‹አንዴ፣ አንዴ› አለች፤ ለእኔ አልነበረም።»

«ህሩይ የሚጠረጥርህን ታውቃለህ?»

መልካሙ በምሬት ፈገግ አለ። «ከእሷ ጋር ስድስት ምሳ በልቼ ስድስቱንም ጊዜ የሰማሁት ስለ ሄለን ነው። እኔ ስለ አዳዲስ ማሽኖቻችን ሳወራ ታዛጋለች። ሁለት ክፍልና አንድ ማይክሮስኮፕ ስላላት ሴት ስታወራ ግን ፊቷ ይበራል። እውነቱን ልንገርዎት፣ የቀናሁ እኔ ነኝ።»

ሄለን የምስጢር የኮሌጅ ጓደኛ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ተዋውቀዋል። ላቦራቶሪዋ አውቶፓርኮ ሰፈር ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ነው። ሰኞ ጠዋት ኪዳነወልድ ገብቶ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ስኳሬን መርምሪልኝ። ሚስቴ ከነገረችኝ ዓመት ሆነው፤ ፈርቼ ነው።»

ሄለን ጥቁር ለብሳለች። ላስቲኩን አሠረችለትና ደም ሥሩን በጣቷ ፈለገች። እሱ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«መቼ ነው መጨረሻ ያየሻት?»

«ከመሞቷ በፊት በነበረው እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን። ከዚያ ወዲህ በስልክም አልተገናኘንም። ብልቃጦቹን የሚያመላልሰው ባለባጃጁ ነው፤ ውጤቱንም የምልከው በሱ ነው።»

«ሥራውን ለባሕር ዳሮቹ ልትሰጥ ማሰቧን ታውቂ ነበር?»

«ከተማው ሁሉ ያወራ ነበር። የራሷ ጉዳይ ነው።» መርፌውን አወጣች። «ገደላት የምትሉትን ሰው በመፈለግ አትድከሙ፣ ኢንስፔክተር። እኔ እንደሚመስለኝ ልቧ በራሱ ነው የቆመው። በስምንት ደም ያን ደረጃ ቀኑን ሙሉ ስትወጣ ስትወርድ መዋል ቀላል አይደለም። ለራሷ ግድ አልነበራትም።»

ኪዳነወልድ ዞሮ ክንዱን አየ። ሄለን ጥጡን አስደግፋ ፕላስተሩን ለጠፈችና ጫፉን በአውራ ጣቷ ወደ ውስጥ አጠፈችው።

«ይህን ለምን ታጥፊዋለሽ?»

«ሲላጥ እንዳያስቸግር። ልማድ ሆኖብኝ ነው። ተማሪ ሳለን ይስቁብኝ ነበር፤ ከእኔ በቀር የሚያጥፍ አልነበረም።»

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ አራቱ በምስጢር ቢሮ ተሰበሰቡ። ህሩይና መልካሙ ላለመተያየት ወንበራቸውን ወደየግድግዳው አዙረዋል። ሄለን መስኮቱ አጠገብ፣ አያ ክንዱ በሩ ላይ ናቸው። ኪዳነወልድ ባዶውን ወንበር ደገፍ ብሎ ቆመ።

«ምስጢር በመድኃኒት ነው የተገደለችው» አለ። «መድኃኒቱ በቀኝ ክንዷ ገብቷል። በቀኟ የምትሠራ ሴት የራሷን ደም ብትቀዳ የምትወጋው ግራዋን ነው፤ ሰኞ ዕለትም ግራዋን ወግታለች፣ ብልዙ አለ። ዓርብ የወጋት እንግዲህ ሌላ ሰው ነው። ልብሷ አልተጎተተም፤ ክንዷን ራሷ ነው የዘረጋችው። ህሩይ፣ አንተ መርፌ ይዘህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ብታውቅም ተቆጥቶ ለገባ ሰው ክንዷን አትዘረጋም። ባለሙያ፣ ደግሞም የምታምነው ሰው ያስፈልጋል። መልካሙ ላቦራቶሪ ተምሯል። ነገር ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ ዘመን ነበር፤ መዝገቡን አይቻለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ እዚህ ሊደርስ አይችልም። በዚያው ሰዓት ሲደውልላት ከእሷ ጋር ሰው ነበር፤ ብልቃጥ የሚያንኳኳ ሰው።»

ሄለን ቀና አላለችም።

«ምስጢር ላቦራቶሪ ከመምረጧ በፊት ሁለቱንም ፈትናለች። ሰኞ ዕለት የሦስት ሰው ደም ለሁለት እየከፈለች በሐሰት ስም ላከች። ዝናሽ ያለቻት ራሷን ነበር። ደሟ ማነሱን ያወቀችው በዚህ ነው፤ እስከዚያ ባሏም እሷም ጤነኛ ናት ብለው ያምኑ ነበር።» ወደ ሄለን ዞረ። «አንቺ ባለፈው ማክሰኞ የጻፍሽው ዝናሽ የምትባል ሴት ስምንት ደም እንዳላት ነው። ትናንት ግን ምስጢር ስምንት ደም እንዳላት ነገርሽኝ። ዝናሽ ምስጢር መሆኗን ማን ነገረሽ? እሑድ ነው እንዳትይኝ፤ እሑድ ደሙ ገና አልተቀዳም ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማሁም ያልሽው ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«ሌላው ፕላስተሩ ነው። ገዳይዋ መርፌውን ስትነቅል እጇ የለመደውን ሠራ፤ ጥጥ አደረገች፣ ለጠፈች፣ ጫፉን አጠፈች። እኔ ላይ ያደረግሽው ይኸው ከደብተሬ ውስጥ አለ። የእሷም አለ።»

ሄለን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አይከል አንድ አባት ነበር። ልጁ ስትመነምን ማንም በሽታዋን አላወቀም። እኔ ሁለት ቀን ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ አገኘሁት፤ ልጅቱ ታክማ ዳነች። ሰውየው ማር ይዞ መጣ። ሁለታችንም እዚህ በር ላይ ቆመን ነበር። እሷን ጉልበቷን ስሞ መረቃት። ማሩን ለእኔ አስያዘኝ፤ የምታግዛት ልጅ መስዬው። እሷም ‹የሠራችው እሷ ናት› አላለችም። ሳቀች ብቻ። አራት ዓመት እኔ ስሠራ ስሟ ተጠራ።»

«ዓርብስ?»

«የባሕር ዳሩ ወሬ እውነት መሆኑን ልጠይቃት መጣሁ። ፈትኜሻለሁ አለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመት አውቃኝ እንደ ሌባ ፈተነችኝ። ቀጥላ ‹ደሜ አንሷል ብለሻል፣ ምክንያቱን ፈልጊልኝ› ብላ ክንዷን ዘረጋችልኝ። ላስቲኩን አሠርኩ። በመሐል ስልኳ ጮኸ። ‹ና፣ ወረቀቱ ዝግጁ ነው› ስትለው ፈገግ ብላ ነበር። ሥራውን እንደሰጠቻቸው ገባኝ። ቁም ሣጥኑ ከኋላዋ ክፍት ነበር።» እጆቿን አየቻቸው። «ሌላ አላሰብኩም።»

ኪዳነወልድ ከኪሱ ሁለት ወረቀት አወጣ። «እነዚህን ያገኘሁት ከመንገዱ ማዶ ካለው የጽሕፈትና ኅትመት ሱቅ ነው፤ ዓርብ ጠዋት እንዲታተሙ ሰጥታቸው ከቀትር በኋላ ልትወስድ ነበር። አንደኛው ለመልካሙ ነው። ከእነሱ ጋር እንደማትሠራ ይገልጻል፤ እነሱ የላኩላት የራሷ ደም ውጤት መሳሳቱን ድካሟ እንደነገራት ጽፋለች። ሁለተኛው አዲሱ የውጤት ወረቀት ነው።»

ሄለን ተቀብላ አየችው። ከ«ጤና በደጅ» በታች በእኩል ፊደል «ምርመራውን ያከናወነችው፦ ሄለን ክንፈ፣ የላቦራቶሪ ኃላፊ» ይላል።

«ለምን ይህን አስቀድማ አልነገረችኝም?» አለች።

ወረቀቱን አልመልስም አለች፤ ፖሊሶቹ ሲወስዷት ከእጇ ማላቀቅ ነበረባቸው።

መልካሙ ለህሩይ እጁን ዘርግቶ ጥቂት ጠበቀ። ህሩይ ጨበጠው። አያ ክንዱ ሁሉንም ሸኝተው መስኮቶቹን መዝጋት ጀመሩ።

ህሩይ ደረጃው ላይ ኢንስፔክተሩን ጠብቆ አቆመው።

«ደም ሲያንስ ሰው ምን ይሆናል?» አለው።

«ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። ይደክማል አለ። ይበርደዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ማውራትም ይታክተዋል።»

ህሩይ የደረጃውን ብረት ያዘ። «ከመስከረም ጀምሮ እንደገባች ልብሷን ሳታወልቅ ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛ ነበር። ሳናግራት አትመልስም። ‹ቀኑን ከማን ጋር ስትስቂ ውለሽ ነው ለእኔ ቃል ያጣሽልኝ?› እላታለሁ። ዝም ትላለች። እኔም ተቀይሜ ለብቻዬ ሌላ ክፍል መተኛት ጀመርኩ።»

ኪዳነወልድ አጠገቡ ቆመ።

«ብርድ ልብሱን ይዤባት ሄጄ ነበር» አለ ህሩይ።