የክርኑ ቋጠሮ

ሙሪድ የሞተው ጎህ ሲቀድ፣ በሙልታን ከተማ በአንድ ትንሽ ሆስፒታል አልጋ ላይ ነው። ረፋዱ ላይ ግቢው በሰው ተጨናንቆ «ገዳዩን ዶክተር አውጡልን!» የሚለው ጩኸት መስኮቱን ያንቀጠቅጠው ነበር። በሩን የያዙት ፖሊሶች ጥቂት ናቸው።

ኢንስፔክተር ኑዝሃት ግን ከአስከሬኑ ዓይኗን አልነቀለችም። ሙሪድ የአንድ ወልይ፣ የሙስሊም ቅዱስ ሰው፣ መቃብር ጠባቂ ነበር። ዳሌውና ግራ ክርኑ ላይ ድንጋይ የመሰለ እብጠት ተሸክሞ ኖሯል፤ ሕዝቡም የወልዩ በረከት ነው እያለ ይዳስሰው ነበር። መቀመጥ ሲያቅተው ነው ከሁለት ሳምንት በፊት ለቀዶ ሕክምና እሺ ያለው፤ ቤቱ ሲያገግም ቆይቶ ማታ ትኩሳት ጥሎት ተመልሶ መጣ።

«እኔ የዳሌውን አወጣሁ እንጂ አልገደልኩትም» አለ ቀዶ ሐኪሙ ሰርመድ። «ካንሰር እንኳ አይደለም። መገጣጠሚያ አጠገብ የተጠራቀመ ካልሲየም ነው። ከተረፈ ተመልሶ ስለሚያድግ ከነሽፋኑ ነቅዬ አወጣሁት።»

«የክርኑንስ?»

«ነርቭ ተጠግቶታል። ዳሌው እስኪድን ብዬ ተውኩት፤ ጫፉን አልነካሁም።»

ኑዝሃት የዳሌውን ፋሻ ገለጠች። ስፌቱ ንጹሕ ነው፤ ቅላትም መግልም የለበትም።

«ውስጡ ድንጋይ ነው?»

«ሲነኩት ነው ድንጋይ የሚመስለው። ሲሰነጠቅ የተበጠበጠ ኖራ የመሰለ ነገር ይወጣዋል። ቤተሰቡ ካንሰር ነው ብሎ ሲጨነቅብኝ፣ ያወጣሁትን ኮሪደሩ ላይ ቀድጄ አሳየኋቸው። ወንድሙ ፊቱን አዞረ። አንዲት ሴት ግን ጠጋ ብላ ‹ወተት ነው እንዴ?› አለችኝ። ተሸፋፍና ስለነበር ማን እንደሆነች አላወቅኩም።»

የሙሪድ ግራ ክርን ከመቃብሩ በመጣ አረንጓዴ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ነርሶቹ በረከት ነው ተብለው ሊነኩት አልደፈሩም ነበር። ኑዝሃት ቋጠሮውን ትኩር ብላ አየችው፤ ሳትፈታው በሌላ በኩል በመቀስ ቆረጠችው። ከሥሩ መግል የቋጠረ ቀዳዳ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ቀይ መስመር እስከ ብብቱ ወጥቷል። የጨርቁ ውስጥ ላይ ነጭ ነገር ደርቋል።

ታናሽ ወንድሙ ባሃዋል በሩ ላይ ጠበቃት።

«ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በፊት መቀበር አለበት! ሬሳ አስቀምጦ ወሬ ምንድን ነው?»

«ጨርቁን ማን አሰረለት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ሚስቴን ጠይቂያት፤ ‹ልጅ ስጠኝ› እያለች የመቃብሩን አጥር በስለት ክር ሞልታ ለሌላው ቦታ አላስተረፈችም።»

ሚስቱ ታስኒም አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የኩል ብልቃጥ ጨብጣ መሬት መሬት አየች።

የሙሪድ ሚስት ሱግራ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። አታለቅስም።

«የዳሌውን ፋሻ ስታስሪለት የኖርሽው አንቺ ነሽ፣ እህቴ?»

«እኔ ነኝ። ነገ ለሚፈታ ነገር ደግሞ ጠበቅ አላደርግም፤ በአንድ ጉተታ እንዲፈታ አድርጌ ነው የማስረው።»

«ትኩሳቱን አላወቅሽም?»

«ብርድ ነው አለኝ። አመንኩት።»

ኑዝሃት ቤተሰቡን፣ ሐኪሙንና ከግቢው የጠራችውን አንድ ሽማግሌ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች።

«የተቀደደው ዳሌ ድኗል፤ ደሙ የተመረዘው ባልተቀደደው ክርን ነው» አለች። «አንድ ሰው በሹል ነገር ወግቶታል። ውስጡ ፈሳሽ እንዳለ ያወቀ ሰው ነው፤ ድንጋይን ማን ይወጋል? ወተት ነው ወይ ብላ የጠየቀችው ደግሞ ሴት ናት።»

ባሃዋል ወደ ሱግራ ዞረ። «አንቺ!»

«ቆይ፣ ወንድሜ» አለች ኑዝሃት የተቆረጠውን ጨርቅ እያሳየችው። «ይህን ቋጠሮ እየው። ድርብ ነው፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ተደብቋል። ቁስል የሚያስር ሰው መልሶ ለመፍታት ያስራል። እንዲህ የሚያስር፣ ስለቱ እስኪሰምር ላይፈታ የማለ ነው። የመቃብሩ አጥር ላይ የሞላው ቋጠሮ ይኸው አይደለም?»

ሽማግሌው አዎን ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

«ታስኒም፣ አንገትሽ ላይ ያለውን የኩል ብልቃጥ አምጪው።»

ታስኒም ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት። ኑዝሃት ሹሉን መኳያ መዘዘችው። ጫፉ በኩል መጥቆር ሲገባው በደረቀ ነጭ ነገር ተለውሶ ነበር።

«ዶክተሩ የክርኑንም በረከት አውጥቶ ሊጥለው ነበር» አለች ታስኒም ድምፅዋ ተቆራርጦ። «ሱግራ ልትሰግድ ስትወጣ ‹ልጅ እንድወልድ አንድ ጠብታ ብቻ፣ ጋሼ› አልኩት። ክንዱን ራሱ ዘረጋልኝ። ሲያተኩሰውም ለማንም አትናገሪ አለኝ።»

ባሃዋል እጁን አነሳ።

«አውርድ!» አለች ሱግራ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። እጁ ወረደ። ወደ ታስኒም ዞረች። «ስትወጊው አመመው?»

«አላመመኝም አለኝ።»

ሱግራ የተቆረጠውን ጨርቅ አየችው። «ለእኔም እንደዚያው ነበር የሚለኝ።»

«ሕጉ ይጠይቅሻል፣ ታስኒም» አለች ኑዝሃት ቀስ ብላ። «ዶክተሩ ግን ነፃ ነው።»

ሱግራ የተቆረጠውን ጨርቅ አንስታ ታስኒም መዳፍ ላይ አኖረችው። «ያሰርሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ፍቺው። እሱ ቋጠሮሽ ሳይፈታ አይቀበርም።»

ከዚያ ሻሿን አስተካክላ፣ ከሽማግሌው ጋር ወደሚጮኸው ሕዝብ ወጣች። ምን እንዳለቻቸው ክፍሉ ውስጥ አልተሰማም። ጩኸቱ ግን ከበሩ ጀምሮ እስከ አጥሩ ድረስ ጸጥ እያለ ሄደ። ታስኒም በዚያ ጸጥታ ውስጥ ቋጠሮውን በጥፍሯ ትታገል ነበር፤ አልፈታም አላት።